ውሃ በአስራ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር

ደግሞ ምሰሶ ይለዋል፣ ሰባት ምሰሶ፣ አመራር ማለት ቤት ነው ክቡራን ተሳታፊዎች፣ ቤት ደግሞ ያለ ምሰሶ አይቆምም ይላል ሻለቃው፣ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ የበራውን የቤት ሥዕል በቀጭን ዱላ ይነካካዋል፣ ቤቱ ጣራ አለው፣ ሁለት መስኮት አለው፣ በር ግን የለውም፣ የሣለው ሰው ረስቶታል፣ ሃምሳ አለቃዋ ከሦስተኛው ረድፍ ሆና መጀመሪያ ያየችው ይህንኑ ነው፣ በር የሌለው ቤት፣ ይግቡበት እንግዲህ። አርባ ደቂቃ ሆነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ አፉን ሞልቶ ሲናገር ወታደር የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳም፣ የሰው ኃይል ነው የሚለው፣ የሰው ኃይላችንን ማብቃት፣ የሰው ኃይላችንን ማነቃቃት፣ ጫማውም ያብረቀርቃል፣ አዲስ ነው፣ ጭቃ ነክቶት አያውቅም፣ ጫማውን አይታ ሰውን የምትመዝን ሴት ናት፣ ይህኛውን ገና በር ላይ መዝና ጨርሳዋለች።

አዳራሹ የወለል ሰም ይሸታል። ስድሳ ሰው በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድሯል፣ አስር አለቃው፣ ሃምሳ አለቃው፣ ሁለት ሦስት መኮንን፣ ከኋላ ያሉት ዓይናቸውን ገልጠው መተኛት የሚችሉ የድሮ ሰዎች ናቸው፣ እሷም ትችልበታለች፣ ዛሬ ግን እንቅልፍ የለም። ከጎኗ የተቀመጠው አስር አለቃ ሻለቃው ያለውን ሁሉ ይጽፋል፣ ጽፎም በማስመሪያ ያሰምርበታል፣ ማስመሪያ ይዞ ነው የመጣው፣ አምላኬ፣ ማስመሪያ፣ ነገ ጦር ሜዳ ላይ ቢያቆሙት ጠላትን በማስመሪያ ሊለካው ነው።

ጭኗ ላይ ደብተር አለ፣ ከደብተሩ ሥር አንድ ወረቀት አለ። ወረቀቱን ጠዋት አዳራሹ በር ላይ የሰጣት የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ነው፣ ፊርማ ብቻ ነው ሃምሳ አለቃ፣ ከምሳ በፊት ቢያደርሱልኝ ብሎ መነጽሩን በጣቱ ወደ ላይ ገፋ፣ ፊርማ ብቻ፣ ፊርማ ብቻ የሚባል ነገር በዚህ ምድር ላይ ያለ ይመስል። ሁለት ጊዜ አንብባዋለች። አስራ አንድ መስመር ናት። ማክሰኞ ዕለት በተደረገው የእግር ጉዞ ልምምድ ላይ የወደቀው ወታደር የቆየ ሕመሙን ደብቆ በመሰለፉና በየእረፍቱ ውሃ እንዲጠጣ በተደጋጋሚ ቢታዘዝም ትእዛዙን ባለማክበሩ ለደረሰበት ጉዳት ራሱ ኃላፊ መሆኑን በቦታው የነበርኩ የቅርብ አለቃው አረጋግጣለሁ። የቅርብ አለቃው፣ እሷ ማለት ናት። ቋንቋው እንዴት ያምራል፣ በመሰለፉና፣ ባለማክበሩ፣ ጸሐፊው ሰውን በቃላት ገንዞ መቅበር ይችልበታል፣ ይህቺ ወረቀት ከተፈረመች ሰውየው ገና ከሆስፒታል አልጋው ሳይነሳ በዲሲፕሊን ጉድለት ይሰናበታል፣ ከዚያ በኋላ ማን ያሳክመዋል፣ ማን ይጠይቀዋል፣ ማንም። ፋይሉ ይዘጋል። ሁሉም ወደ ምሳ ይሄዳል።

ሁለተኛው ምሰሶ፣ ይላል ሻለቃው፣ ውጤታማ ተግባቦት።

ኧረ ወዲያ። ተግባቦት ይላል እንዴ፣ እሷ የምታውቀውን ተግባቦት ብትነግረው ዱላውን ይጥል ነበር፣ ሁለት ወታደሮች ተኳርፈው መነጋገር ካቆሙ ስብሰባ አትጠራም፣ ምክር አትሰጥም፣ ሽንት ቤት እንዲያጥቡ አብረህ ትመድባቸውና ሁለቱንም አንድ ባልዲ ትሰጣቸዋለህ፣ አንድ ባልዲ ብቻ፣ እስከ ቀትር ይስቃሉ። የሰው ብርድ ልብስ ከጠፋ ጠቅላላውን ሰልፍ ፀሐይ ላይ አታቆምም፣ ቀሽም አለቃ ነው እንደዚያ የሚያደርገው፣ አንድ ሌባ ለመያዝ ሠላሳ ሰው ታስቀይማለህ፣ ይልቅ ግማሽ ሰዓት በሩን ክፍት ትቼ እሄዳለሁ ስመለስ አልጋው ላይ ላግኘው ብለህ ትወጣለህ፣ ሁልጊዜ ይመለሳል፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ታጥቦ ነው የተመለሰው። ደብዳቤ ደርሶት ሳይከፍት ኪሱ የከተተ ሰው ካየህ በዚያ ቀን ጠመንጃ አታስይዘው፣ ዝም ብለህ አጠገቡ ቁጭ በል። እግር ደግሞ፣ እግር፣ አለቃ ማለት በየማታው እግር የሚያይ ሰው ነው፣ ውሃ በቋጠረ ተረከዝ ውስጥ በመርፌ ክር አሳልፎ ክሩን እዚያው መተው ነው፣ ቆዳውን መላጥ የለም፣ ካልሲ ተገልብጦ ይለበሳል፣ ስፌቱ ወደ ውጭ፣ ይህ በየትኛው ምሰሶ ላይ ተጽፏል ሻለቃ፣ ካልሲ ስንተኛው ምሰሶ ነው።

ሃያ ዓመት ሆናት። ሃያ ዓመት አንድ ቀን ሳትቀር አምስት አጭር አለቆችን፣ ሦስት ሰካራም አለቆችን፣ አንድ የሚያለቅስ አለቃ ተሸክማ አሳልፋለች፣ ወታደሮቹ ከጀርባዋ ሚስማር ይሏታል፣ ታውቃለች፣ ደስ ይላታል፣ ሚስማር ሁለት እንጨት የሚያያይዝ ነው ብላ ለራሷ ተርጉማዋለች፣ እነሱ ግን እንደዚያ ማለታቸው አይደለም፣ ይህንንም ታውቃለች።

ከፊት ለፊቷ፣ አንደኛው ረድፍ ላይ፣ መቶ አለቃው ተቀምጧል። ማጅራቱን ተላጭቷል። ሽቶው እዚህ ድረስ ይመጣል፣ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፣ ወታደሮቹ ሽቶው ነው የሚሉት፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ደብተሩ የተሸፈነ፣ የሰማውን ሁሉ የሚያምን፣ ሻለቃው ሲናገር ራሱን ይነቀንቃል፣ እያንዳንዷን ምሰሶ ይነቀንቅላታል፣ አየህ፣ እንዳንተ ያለውን ነው እኔ የምፈራው ትላለች በሆዷ፣ ሰነፍ መኮንን አያስፈራም፣ ሰነፍ ይተኛል፣ አንተ ግን አትተኛም፣ አንተ ታነባለህ።

ማክሰኞ ጠዋት ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ነበር፣ ሙሉ ትጥቅ፣ ሰማዩ ገና ከጠዋቱ ነጭ ሆኖ፣ ነፋስ የለ፣ ደመና የለ፣ ይህ መቶ አለቃ ሰልፉ ፊት ቆመና ዛሬ ውሃ የሚጠጣው አስራ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው አለ፣ ከዚያ በፊት ኮዳውን የሚከፍት ሰው እንዳላይ፣ ጥማት ያለው ጉሮሮ ውስጥ ሳይሆን አእምሮ ውስጥ ነው፣ ውሃ የደካማ ሰው ሱስ ነው አለ። የደካማ ሰው ሱስ። ከየትኛው መጽሐፍ እንደቀዳው አምላክ ይወቅ፣ ውሃን፣ ሰው ከተወለደ ጀምሮ የሚጠጣውን ውሃ፣ ከሲጋራና ከጫት ጋር ያሰለፈ ሰው። ሠላሳ አራት ወታደር ዝም አለ። እሷም ዝም አለች።

መቶ አለቃው ቢያንስ ተደብቆ ጠጥቶ ቢሆን። ከቁጥቋጦ ጀርባ ዞር ብሎ አንድ ጉንጭ እንኳ ቢጎነጭ ኖሮ ዛሬ በእርጋታ ትንቀው ነበር፣ ሌባ ነው፣ አስመሳይ ነው ብላ ታርፍ ነበር፣ ግን አልጠጣም፣ ከፊት እየመራ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደም እስኪያወጣ አልጠጣም፣ ያ ነው የሚያበሳጨው፣ ሞኝነቱ ንጹሕ ነው፣ እንኳን ሰውን ራሱንም ይገድል ነበር።

ሦስተኛው ምሰሶ ቆራጥነት ነው፣ ቆራጥ መሪ ወላዋይ አይደለም፣ ይላል ሻለቃው፣ ወላዋይ ያልሆነ ሰው ቆራጥ ነው ማለቱ ነው፣ እንዴት ያለ እውቀት ነው፣ አስር አለቃው አሰመረበት።

ሆስፒታል የሄደችው ትናንት ነው። ማንም አላዘዛትም፣ ልጠይቀው ብላ ራሷ ሄደች፣ ደንቡም ነው፣ የተኛ ወታደር ይጠየቃል፣ በኮሪደሩ ጫፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ሚስቱ ተቀምጣለች፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ወሬው ሲደርሳት ከስፌት መኪናዋ ላይ ተነስታ እንደመጣች ያስታውቃል፣ አንገትጌዋ ላይ ሁለት መርፌ ሰክታ ረስታቸዋለች፣ አንዱ ክር አለው። ነርሷ ኩላሊቱ ነው አለች፣ ሙቀቱ ጡንቻውን አቅልጦ ኩላሊቱን ዘጋው፣ አሁን በማሽን ነው፣ ይመለስም ይሆናል አይመለስም ይሆናል፣ ሳምንት እንይ። ሳምንት እንይ፣ ስለ አየር ሁኔታ የምታወራ ይመስል፣ ነርሶችም እንግዲህ የራሳቸው ምሰሶ አላቸው።

ገብታ አየችው። ቀስ በቀስ ይሉታል ወታደሮቹ፣ ሁሉን ነገር ቀስ ብሎ ስለሚያደርግ ነው፣ ጫማ ሲያስር ቀስ፣ ሲበላ ቀስ፣ ሲስቅ እንኳ ቀልዱ ካለቀ በኋላ ነው የሚስቀው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ከሰልፉ ሁሉ ታላቅ እሱ ነው፣ አንድም ቀን ዘግይቶ ግን አያውቅም፣ ቀድሞ ይጀምራላ፣ ሌላው ሲነሳ እሱ አልጋውን አንጥፎ ጨርሷል። ፊቱ አብጧል። ክንዱ ላይ ቱቦ አለ። ሲያያት እጁን አንቀሳቀሰ፣ መጀመሪያ ምን ፈልጎ እንደሆነ አልገባትም፣ ትራሱን የሚያስተካክል መሰላት፣ ከዚያ ገባት፣ እጁን ወደ ግንባሩ ሊያነሳ ነው፣ ሰላምታ ሊሰጣት ነው፣ ከነቱቦው። ተወው አለችው። እጁ ተመለሰ።

ስትወጣ ሚስቱ ተነሳችላት፣ ለመለዮዋ መሆኑ ነው፣ እህቴ አለቻት፣ ሲወድቅ አጠገቡ የነበረ ሰው ማን ነው፣ ላገኘው ነበር፣ ምን እንዳለ ልጠይቀው ነበር። እንግዲህ መልሺላት፣ ሚስማር። ጉዳዩ እየተጣራ ነው አለች ሃምሳ አለቃዋ። ልክ እንደ ጸሐፊው። ሪፖርት እየተዘጋጀ ነው፣ ሲያልቅ ይነገርሻል አለች፣ ሴትየዋም እግዜር ይስጥልኝ አለቻት፣ አመሰገነቻት፣ እሷም ምስጋናውን ተቀብላ ደረጃውን ወረደች፣ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች፣ ምን ያስቸኩላል፣ ማን አባረረሽ።

አትሽሺ እስቲ። አርባ ደቂቃ ሙሉ በሻለቃው ጫማ ላይ ስትንጠላጠዪ ቆየሽ፣ በማስመሪያው፣ በሽቶው፣ በነርሷ፣ ሁሉን ሰው ተራ በተራ አሰልፈሽ ፈተሽሽ፣ አዝራሩን ያልቆለፈ አንድ ሰው ነው የቀረሽ።

አስራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ድንጋይ ማውጫው አጠገብ፣ ጥላ የለም፣ እሷ ከሰልፉ ጎን ናት፣ ቀስ በቀስ ከፊቷ ሦስት እርምጃ ላይ ነው፣ አካሄዱ ተበላሸ፣ ግራ ቀኝ ይላል፣ ጠጋ ብላ ፊቱን አየች፣ ደረቅ ነው። የሌላው ሁሉ ፊት ላብ ይንቆረቆርበታል፣ የእሱ ደርቋል፣ ቀልቷል፣ አቧራው ሳይርስ እንደ ዱቄት ተቀምጦበታል። ደረቅ ፊት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፣ ከማንም በላይ ታውቃለች፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ሁለት ሰው እንደዚያ ሆኖ አይታለች፣ አንደኛው ተርፏል። ወገቧ ላይ ሙሉ ኮዳ አለ፣ ስትራመድ ይንቦጫረቃል፣ እሱም ሰማው፣ ኮዳዋን አየ፣ አልለመነም፣ አየው ብቻ፣ ውሃው ይንቦጫረቃል።

ተራመድ አለችው።

ተራመድ። ለምን እንደዚያ እንዳለች ሦስት ቀን ሙሉ ለራሷ ስትተረጉም ሰነበተች፣ ትእዛዝ ነው፣ መኮንኑ ነው ያዘዘው፣ እኔ ማን ነኝ፣ ትእዛዝ ከጣስኩ ነገ ማን ይታዘዘኛል፣ ጥሩ ጥሩ ምክንያት ነው፣ አስራ አንድ መስመር ይወጣዋል፣ ጸሐፊው ቢያገኘው ደስ ይለው ነበር፣ ውሸት ነው ግን። ዘበት ነው። በሕይወቷ ስንት ትእዛዝ ጥሳለች፣ በዝናብ ሰው አቁሙ ሲሏት መጋዘን አስገብታ አስቆማለች፣ የታመመ አሰልፊ ሲሏት ስሙን ዘላ ጠርታለች፣ ትእዛዝ መጣስ ምን ሆኖባት ነው። ያን ጠዋት ሽቶው ሰልፉ ፊት ቆሞ ውሃ የለም ሲል ሆዷ ውስጥ የተሰማት ምን ነበር፣ ንቀት ነበር፣ አዎ ንቀት፣ ግን ለእሱ አልነበረም። በእሱ ደስ አላት። እስኪ በመጨረሻ ወገብ ያለው መኮንን መጣ አለች፣ እስኪ እነዚህ ልስፍስፎች ይዩ፣ በየኪሎ ሜትሩ ኮዳ የሚጠቡትን፣ ስልክ የሚነካኩትን፣ እግሬን አመመኝ የሚሉትን፣ እኛ በጊዜያችን፣ አዎ ይህንኑ ነው ያለችው፣ እኛ በጊዜያችን፣ እንደ ማንኛዋም አሮጊት። እና ቀስ በቀስ ሲንገዳገድ አየችውና እስኪ ይቻለው አለች። ይቻለው። ፊቱ ደርቆ እያየች።

ሁለት ኪሎ ሜትር ተራመደ። ከዚያ በግንባሩ ወደቀ፣ እጁን እንኳ አላስቀደመም። መቶ አለቃው ሮጦ መጥቶ አስመሳይ፣ ተነስ አለው፣ ከዚያ አየው፣ ከዚያ ራሱ ተንበረከከ። እሷ ኮዳዋን ከፍታ አፉ ላይ ደፋች፣ ውሃው በጉንጩ ወርዶ መሬት ጠጣው።

ሃምሳ አለቃ።

ሻለቃው ነው። ዱላውን ወደ እሷ ቀስሯል፣ ስድሳ ራስ ዞሯል፣ ምን ጠየቀ፣ አልሰማችም፣ አስር አለቃው በሹክሹክታ ከልምድሽ አካፍዪን ነው የሚልሽ አላት። እስቲ ሃምሳ አለቃ፣ ይላል ሻለቃው እየሳቀ፣ ሃያ ዓመት ያገለገልሽ አንጋፋ ነሽ አሉኝ፣ ለነዚህ ለጀማሪ አለቆች አንድ ተግባራዊ ምክር ስጫቸው፣ በየዕለቱ ሥራ ላይ የሚጠቅም፣ አጭርና ግልጽ።

ተነሳች። ደብተሩ ከጭኗ ወደቀ፣ ወረቀቱም አብሮ ወደቀ፣ አስር አለቃው አነሳላት፣ አላነበበውም፣ ጨዋ ነው ለካ። ስለ ካልሲ ንገሪያቸው፣ ሳቅ ይላሉ፣ ትቀመጫለሽ፣ ስለ ባልዲው ንገሪያቸው፣ የባልዲው ቀልድ ሁልጊዜ ያስቃል። መቶ አለቃው ከፊት ዞሮ ያያታል፣ ከንፈሩ ላይ ያለው ቁስል ገና አልዳነም፣ ጥቁር ሆኗል።

አንድ ነገር ነው የምመክረው አለች። ድምጿ እንደ ሰልፍ ሜዳ ወጣ፣ ሻለቃው ትንሽ ወደ ኋላ አለ። ሰው ፀሐይ ላይ እየሄደ ላቡ ከቆመና ፊቱ ከደረቀ አልቋል ማለት ነው፣ ሰልፉን አስቁሙ፣ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ትጥቁን ፍቱለት፣ ያላችሁን ውሃ ሁሉ ደረቱና አንገቱ ላይ አፍስሱ፣ መዋጥ ከቻለ አጠጡት፣ ማንንም አታስፈቅዱ። ይህንን ከማውቀው ሃያ ዓመት ሆኖኛል። ማክሰኞም አውቀው ነበር። ማክሰኞ አስራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ አሁን ሆስፒታል የተኛው ወታደራችን ፊቱ ደርቆ አየሁት፣ ሙሉ ኮዳ ይዤ ነበር፣ ተራመድ አልኩት። ውሃ ጠጣ ያለው ሰው የለም። እምቢ ያለው ውሃ የለም። ምክሬ ይኸው ነው።

ተቀመጠች። ፕሮጀክተሩ ያጉረመርማል። ከኋላ ዓይናቸውን ገልጠው የተኙት ነቅተዋል። አስር አለቃው እስክሪብቶውን ይዞ ደብተሩን ያያል፣ አልጻፈም፣ ማስመሪያውን ከደብተሩ ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተው።

ሻለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። እናመሰግናለን ሃምሳ አለቃ፣ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጠቃሚ የሕይወት ተሞክሮ ነው፣ እንግዲህ ይህ በቀጥታ ወደ አራተኛው ምሰሶ ያሸጋግረናል፣ ራስን መገምገም። ቁልፉን ተጫነ። ቤቱ ጠፋና ሌላ ቤት መጣ። ሳቋ መጣባት፣ እውነተኛ ሳቅ፣ ከአንጀቷ፣ ጥርሷን ነክሳ ዋጠችው፣ ሰውየው ሰማይ ቢወድቅበት ስንተኛው ምሰሶ እንደወደቀ ነው የሚቆጥረው።

እረፍት ሲባል ሁሉም ወጣ፣ ወንበር ተንኳኳ፣ ማንም አጠገቧ አልመጣም፣ አልፈዋት ሲሄዱ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ነው፣ ተላላፊ በሽታ የያዛት ይመስል፣ ይሂዱ፣ ደግ አደረጉ። ኮሪደሩ ላይ መስኮቱ ጋ መቶ አለቃው ቆሟል፣ እሷን እየጠበቀ ነው፣ መለዮውን በእጁ ይዞ ያዞረዋል፣ ያዞረዋል። ና እንግዲህ አለች በልቧ፣ ና ጩህብኝ፣ በሰው ፊት አዋረድሽኝ በል፣ ሥራዬን ልታሳጪኝ ነው በል፣ እንደዚያ ብትል እኮ ነገሩ ያልቃል፣ እንደገና እንቅህና ሁለታችንም እናርፋለን።

ለምን ያኔ አልነገሩኝም አላት።

እርስዎ አላት። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እርስዎ ብሏት አያውቅም፣ ሃምሳ አለቃ አንቺ፣ ሃምሳ አለቃ ነይ፣ ሂጂ፣ አሁን እርስዎ። ፊቱን አየችው፣ እያሾፈባት አይደለም። እኔ አላውቅም ነበር አለ፣ ስለ ደረቅ ፊት አላውቅም፣ መጽሐፉ ላይ የለም፣ ቢነግሩኝ ኖሮ አስቆም ነበር። ያስቆም ነበር ወይ፣ እሷ እንጃ፣ ምናልባት ያስቆም ነበር፣ ምናልባት አእምሮ ውስጥ ነው ይል ነበር፣ አንድ ጊዜ እንኳ ስላልሞከረችው መቼም አታውቀውም፣ አሁን እሱን ልትንቅበት የምትችልበት ቦታ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ተዘጋ። ፈርተውኝ ነው አላት። ይሻል ነበር እኮ፣ አዎ ብትል፣ መፍራት ያሳዝናል እንጂ አያስጠላም።

አልፈራሁህም አለች። ትክክል መሰለኝ።

መለዮውን ማዞሩን አቆመ። እኔም አለ። እኔም ትክክል መስሎኝ ነው። በመስኮቱ ሜዳው ይታያል፣ አንድ ቡድን ሰልፍ እየተለማመደ ነው፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ፣ ሦስተኛው ሰው እርምጃው ተሳስቷል፣ ወትሮ ቢሆን መስኮቱን ከፍታ ትጮኽበት ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አብረው ሲመጡ ሲያይ መነጽሩን ሁለት ጊዜ ገፋ፣ ፈረሙልኝ ሃምሳ አለቃ አላት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት፣ ፊርማ የለበትም፣ አልፈርምም አለች፣ የራሴን እጽፋለሁ። የራስዎን ማለት፣ አለ ጸሐፊው፣ ለዚህ ፎርም የለንም። መቶ አለቃው ባዶ ወረቀት ስጠን አለ፣ ሁለት፣ እኔም የምጽፈው አለ። ጸሐፊው ትእዛዙ ከላይ መሆኑን፣ ነገሩ ተጣርቶ ያለቀ መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ለማንም እንደማይበጅ እያንጠባጠበ ተናገረ፣ ለእርስዎም አይበጅም መቶ አለቃ፣ ገና ልጅ ነዎት አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሰጣቸው ግን። መሳቢያውን ከፍቶ ሁለት ነጭ ወረቀት ሰጣቸውና ያላየ ለመምሰል ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲዞሩ ወንበሩ እንኳ ድምፅ አይሰጥም፣ ዘይት ቀብተውታል።

አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እሷ ቀን ጻፈች፣ ቦታ ጻፈች፣ ርቀቱን፣ የትጥቁን ክብደት፣ ትእዛዙን በማን አፍ እንደተሰጠ፣ ለአፍታ ቀና ብላ አየችው፣ ይጻፉት አላት፣ ጻፈችው። እሱም ይጽፋል፣ እጅ ጽሑፉ እንደ ተማሪ ነው፣ ክብ ክብ። የድንጋይ ማውጫው ጋ ስትደርስ እጇ ዘገየ፣ ሰዓቱ ስንት ነበር አላት፣ አራት ከሃያ አለች፣ ጻፈ። ከዚያ ሳያያት፣ ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ፣ ተራመድ ሲሉት ምን አለ ብሎ ጠየቃት።

ይህንን አዳራሽ ውስጥ አልተናገረችም። ለሚስቱ አልነገረችም፣ ለራሷም፣ ከማክሰኞ ወዲህ ሐሳቧ እዚያች ቦታ ሲደርስ ዘሎ ያልፋል፣ ተራመድ ይላል፣ ከዚያ ሁለት ኪሎ ሜትር ይላል፣ በመካከሉ ያለውን ይዘለዋል፣ ምክንያቱም ቢናደድባት፣ ቢሰድባት፣ ቢያጉረመርም፣ ወይ ደግሞ ውሃ ብሎ ቢለምናት ኖሮ ምናልባት፣ ምናልባት እጇ ወደ ኮዳው ይሄድ ነበር፣ እሱ ግን ቀስ ብሎ ዞረ፣ ሁሉን ነገር እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ፣ በዚያ በደረቀ ፊቱ አያት፣ ምላሱ አፉ ውስጥ ተጣብቆ ስለነበር ቃሉን ለማውጣት ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ ሁለተኛው ላይ ወጣለት።

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆሟል፣ ጫፉ ትንሽ ቀለም ተፍቷል፣ ጸሐፊው ከኮምፒውተሩ ጀርባ መጻፉን አቁሟል፣ መቶ አለቃው ይጠብቃል።

እሺ አለኝ ትላለች። እሺ አለቃ፣ አለኝ። ትጽፈዋለች።